የበዓል ቀን ተመልካች

የክለባችንን የማሊያ ቁጥር የምሰፋው እኔ ነኝ። ፍኖተ ሰላም ውስጥ፣ ከእህል ወፍጮው አጠገብ፣ አንድ የስፌት መኪናና አንድ አግዳሚ ወንበር ብቻ የምትይዝ ሱቅ አለችኝ። ነጭ ጨርቅ ቆርጬ ቁጥሩን አወጣለሁ፣ ጠርዙን አጥፌ እሰፋለሁ። ስለዚህ የክለቡን ጉዳት ከአሰልጣኙ ቀድሜ አውቃለሁ። ዘጠኝ ቁጥርን በአንድ የውድድር ዓመት አራት ጊዜ ፈትቼ አራት ጊዜ ሰፍቻለሁ። አንዱ አጥቂ ትከሻው ሰፊ ነው፣ ትልቅ ማሊያ ይፈለግለታል፤ ቀጣዩ ክስት ያለ ነው፣ ይጠብብለታል። ሰውየው ይሄዳል፣ ቁጥሩ ይቀራል፣ ግብ ግን የለም። አራተኛው ሲመጣ ተናድጄ ቁጥሩን በረጅም ክር ያዝ ያዝ ብቻ አድርጌ ሰጠሁት። «ጠበቅ አድርጌ የምሰፋልህ ስታገባ ነው» አልኩት። አልሳቀም።

ሜዳችን ሣሩ ዳር ዳሩን ብቻ የቀረ፣ መሐሉ በበጋ አቧራ፣ በክረምት ጭቃ ነው። በአንድ በኩል የአፈር ተረተር አለ፤ መቀመጫ የምንለው እሱን ነው። ቡድኑ ያሸንፍ በነበረበት ዘመን ተረተሩ ላይ ቦታ ለመያዝ ከምሳ በፊት ጋቢ ይነጠፍ ነበር። መግቢያ ያጣው ሰው ከአጥሩ ውጭ ያለው ባሕር ዛፍ ላይ ይሰቀላል። ቅርንጫፍ ተሰብሮበት ከወደቀ በኋላ ገና ሳይነሣ «ገባች ወይ?» ብሎ የጠየቀ ሰው በዐይኔ አይቻለሁ። አሁን ባሕር ዛፉ ተቆርጦ የቤት ማገር ሆኗል፤ ባይቆረጥም የሚወጣበት አልነበረም። የሜዳው በር ገርበብ ብሎ ይውላል። ፍየል ትገባለች፣ ሰው አይገባም።

ሰው ለምን እንደቀረ አላውቅም አልልም። አንደኛ፣ ተሸነፍን፤ ደግመን ደጋግመን ተሸነፍን። ከዚያ መንገድ እየተዘጋ ጨዋታ መራዘም ጀመረ። ዛሬ ነው ሲባል ለሳምንት፣ ለሳምንት ሲባል ለወር እየተባለ ሰው ቡድን እንዳለው እስኪረሳ ደረሰ። ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን የዲኤስቲቪ ቤቱ ነው። ከሜዳው በሁለት መቶ እርምጃ ርቀት፣ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ፣ የከተማው ወጣት ታጭቆ ለእንግሊዝ ክለብ ጉሮሮው እስኪደርቅ ይጮሃል። ካርታ ቢሰጡት የማያገኘው ከተማ ተሸነፈ ብሎ ራት ሳይበላ ይተኛል። የራሱ ከተማ ልጅ ሜዳ ላይ እግሩ ሲሰበር ግን «ኧረ? መቼ ነው የተጫወቱት?» ይላል። አንድ ቀን በዚያ ሳልፍ በሩን ከፍቼ «የእናንተን ስም እዚያ የሚያውቅ አለ?» ብዬ ጮህኩባቸው። «ፋዘር፣ ፕሊስ፣ ፔናሊቲ ነው» ብለው በሩን ዘጉብኝ።

እንግዲህ በዚህ ብስጭት ነው መቁጠር የጀመርኩት። ጨዋታ በተደረገ ቁጥር ተረተሩ ላይ ከአንድ ጫፍ ተነሥቼ እስከ ሌላው ጫፍ ሰው እቆጥራለሁ። የደጋፊ ኮሚቴያችን ሰብሳቢ፣ በጡረታ ላይ ያሉ መምህር፣ ይህን አይወዱልኝም።

«ተው፣ ሰው አይቆጠርም፤ ይጎድላል» ይሉኛል።

«መምህር፣ ካሁን ወዲያ ከየት ይጎድላል? ያለነው እኮ እኔና እርስዎ ነን» እላቸዋለሁ።

እውነቱን ለመናገር ከተቆጠሩት ሁሉ ለእኔ የሚበልጥብኝ አንድ ሰው ነበር፤ ታላቅ ወንድሜ። እሱ ገበሬ ነው። የአባታችንን መሬት ይዞ፣ ከከተማው የአንድ ሰዓት ተኩል የእግር መንገድ ላይ ይኖራል። እናታችን ካረፈች ወዲህ እኔ አገር ቤት የመሄድ ልማዴን ተውኩ። ሱቅ አለ፣ የተማሪ ዩኒፎርም አለ፣ ክለብ አለ፤ ምክንያት አይጠፋም። እሱ ግን በየበዓሉ ሞፈርና ቀንበር በማይነካበት ቀን፣ ጨዋታ ካለ፣ ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ ይመጣል። ከተረተሩ በስተቀኝ ጫፍ ጎን ለጎን እንቀመጣለን። በኪሱ የሽምብራ ቆሎ ይዞ ይመጣል፣ እፍኝ ይሰጠኛል። ሁለታችንም ወሬ አናውቅም። በቤት ውስጥ ፊት ለፊት ብንቀመጥ «ከብቱ ደኅና ነው? ደኅና ነው» ካልን በኋላ የሚቀረን ዝምታ ነው። ሜዳው ዳር ግን ኳሷ ስለምትሄድ ወሬውም ይሄዳል። ልጁ ተማሪ ቤት እንዳቋረጠ የነገረኝ ኮርነር ሲመታ ነው። የዐይኑ ብርሃን መድከሙን የነገረኝ በረኛችን ሁለተኛው ግብ ሲገባበት ነው፤ «እኔ እንኳ በዚህ ዐይኔ ኳሷን አያት ነበር» አለኝ።

የኳስ ሕግ አያውቅም፣ ሊያውቅም አይፈልግም። ለእሱ ቡድን ማለት ጥማድ በሬ ነው። የግራ በሬ ሲደክም ትልሙ ይጣመማል ባይ ነው፤ ስለዚህ ምንም ይሁን ምን፣ ኳሷ የትም ትሁን፣ ተነሥቶ በእርሻ ድምፁ «ግራውን ያዝ! ግራውን!» ይላል። ተጫዋቾቹ ለምደውታል። የግራ ተከላካያችን አንድ ጊዜ ሱቄ መጥቶ «ያ ሰውዬ እኔ ምን አድርጌው ነው?» ብሎ ጠይቆኛል።

ዘንድሮ በኅዳር መጀመሪያ የክለቡ ኃላፊ ኮሚቴውን ሰበሰበን። ነገሩን ሳያሽሞነሙን ተናገረ። ተጫዋች ለባዶ ሜዳ አይሮጥም፤ ቡሬ ፋብሪካ አለ፣ ሠራተኛ አለ፣ ሲመሽ መዝናኛ የሚፈልግ ሰው አለ፤ የሜዳችንን ጨዋታ ሁሉ ወደ ቡሬ እናዛውራለን አለ። መምህር ሲለማመጡት አንድ ዕድል ሰጠን። «የሚቀጥለውን ጨዋታ ቀን እናንተው ምረጡ። ተረተሩ ከሞላ እንቆያለን፤ ካልሞላ ሁለተኛ እንዳትጠሩኝ» አለ።

ሌላው ሰው ለክለቡ አዘነ። እኔ ያሰብኩት ወንድሜን ነው። ቡሬ ለመኪና ሩቅ አይደለም፤ በዚያ ዐይን ግን በሰው በተጨናነቀ ሚኒባስ ውስጥ ገብቶ፣ ኳስ ሊያይ ቡሬ ድረስ አይሄድም። ሜዳው ከሄደ የእኔና የእሱ መገናኛ አብሮ ይሄዳል። ይህን ለኮሚቴው አልተናገርኩም። ሰው ይስቅብኛል ብዬ ፈራሁ።

ቀኑን የመረጥኩት እኔ ነኝ። በዚህ ማንም አይወቀስ። ሐሳቡን ያገኘሁት ከሱቄ ነው። ቅዳሜ ገበያ ነው፣ ገበሬ እህሉን ትቶ ኳስ አያይም። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰንበቴ አለ፣ ከተሜው ደግሞ የእንግሊዙን ያያል። በሥራ ቀን የሚውል ወርኃዊ በዓል ግን ሌላ ነው። ያን ለት አይታረስም፣ አይታጨድም፣ ገበያም የለም፣ የእንግሊዝ ኳስም የለም። እጁን አጣጥፎ የሚውል ገበሬ ሱሪ ላሳጥር ብሎ ሱቄ ይመጣና ሱሪው ካለቀም በኋላ አግዳሚው ላይ እስኪመሽ ይቀመጣል። ይህን ሰው ወደ ሜዳ መውሰድ ነው እንጂ! መድኃኔ ዓለም ማክሰኞ ይውል ነበር።

«በዓሉን ለኳስ?» አሉ መምህር ግንባራቸውን ቋጥረው።

«ቅዳሴው በጠዋት ነው መምህር፣ ኳሱ በዘጠኝ ሰዓት ነው። ማንንም አይሻማም።»

ተስማሙ። እኔም ብልጠቴ ብልጠት ሆኖ ታየኝ። ለወንድሜ ስነግረው «ይህችንስ ደኅና አሰብክ» አለኝ፤ ከእሱ አፍ ይህ ትልቅ ምስጋና ነው። «ደብሩን ሙሉ ይዤልህ እመጣለሁ። ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ እነግራቸዋለሁ» አለ። ባጃጅ ላይ ድምፅ ማጉያ አስረን ሦስት ቀን ሙሉ ከተማውን አዞርን። ዘጠኝ ቁጥሩንም አንስቼ ለመጀመሪያ ጊዜ በእጥፍ ክር ጠበቅ አድርጌ ሰፋሁት።

በዋዜማው ከሰዓት በኋላ ደመና መጣ። የኅዳር ደመና፣ ያለ ጊዜው። እኔ የስንት ዘመን ገበሬ ልጅ፣ ሱቄ በር ላይ ቆሜ ሽቅብ እያየሁ ያሰብኩት የሜዳውን ጭቃ ነው። ሌላ ነገር በጭንቅላቴ አልመጣም።

በማግሥቱ ጠዋት ስልኬ ጮኸ። ወንድሜ ነው።

«ደመናውን አየኸው?» አለኝ።

«አየሁት፤ ምን ይጠበስ?»

«ጤፉ እኮ ደርሷል። ይሄ ከወረደበት አለቀልን። ቄሱ ፈቅደዋል።»

ነገሩ ያኔ ገባኝ። የመድኃኔ ዓለም ለት ማጨድ ነውር ነው፤ ነገር ግን እህል ሊጠፋ ሲል ካህኑ ሕዝቡን ሰብስበው፣ በሬ ገደል ቢገባ በሰንበት ይወጣ የለም ወይ ብለው ይፈቅዳሉ። ይህን ልማድ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። አባታችን ራሱ እንዲህ ባለ ቀን በጨለማ ቀስቅሶ ማጭድ አስይዞኛል። ከተማ ስኖር ከውስጤ ወጥቶ ሄዷል። በዓል ማለት ሥራ የሌለው ቀን ነው ብዬ፣ ካህን የሚፈታው ነገር መሆኑን ዘንግቼ፣ የአንድን ከተማ ሜዳ በዚያ ላይ ጣልኩት።

«ደቦ ጠርቻለሁ» አለ ወንድሜ። «ና።»

«እንዴት ነው የምመጣው? ዛሬ እኮ ጨዋታው ነው!»

«ጨዋታውማ ነው። ና ግዴለህም።»

«አንተ ና!» ብዬ ጮህኩበት፤ «ደብሩን ሙሉ አመጣለሁ አላልክም? አንተ ና!» ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋሁት። በሕይወቴ ታላቅ ወንድሜ ላይ ስልክ ስዘጋ ያ የመጀመሪያዬ ነው።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተረተሩ ላይ ቆጠርኩ። ሃያ ስድስት ሰው። ከሃያ ስድስቱ ሁለቱ ፖሊሶች ናቸው፣ አንዱ የፍየሎቹ ባለቤት ነው፣ አንዱ እኔ ነኝ። መምህር በዓሉ ነው ብለው አዲስ ጋቢ ለብሰው መጥተው ብቻቸውን ተቀምጠዋል። ባጃጁ አሁንም ከተማ ውስጥ «ኑ፣ ኑ» እያለ ይዞራል፤ ድምፁ ይሰማኛል፣ ያንን ድምፅ ማጉያ ነቅዬ ብሰብረው ደስ ባለኝ። ኃላፊው ከወዲያ ማዶ እጁን ደረቱ ላይ አጣምሮ ቆሟል። አንድም ጊዜ ወደ ኳሱ አላየም፤ የሚያየው እኛን ነው።

እንዲህ ባለ ቀን ቡድኑ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? አሸነፈ! ስንት ወር የጠበቅነውን ዛሬ አሸነፈ። ዘጠኝ ቁጥሩ አንዱን በጭንቅላት፣ ሁለተኛውን ከሩቅ መትቶ አገባ። ሁለተኛዋ ስትገባ ልጁ እጁን ዘርግቶ ወደ ተረተሩ ሮጠ፣ ግማሽ መንገድ ደርሶ የሚያቅፈው ሰው እንደሌለ ሲያይ ቆመ፣ ተመለሰ። ተነሥቼ ላጨበጭብለት ስል ዝናቡ ወረደ። በጎኔ ባዶ በቀረው ቦታ ላይ ጠብታው ሲመታ፣ አዘንኩ ማለት ይቀላል፤ እኔ ግን የተሰማኝ ንዴት ነው። ቄሱ ላይ፣ ደመናው ላይ፣ ጤፉ ላይ፣ ከሁሉ በላይ ወንድሜ ላይ። አንድ ቀን! በዓመት አንድ ቀን ብፈልገው ቀረብኝ አልኩ።

ፊሽካው ሲነፋ ኃላፊው ወደ እኔ መጣ። ዝናቡ ከጸጉሩ ይንጠባጠባል። «አየህ፣» አለኝ፣ ክፋት የለበትም፣ ደክሞታል፤ «አሸንፈን እንኳ ሰው የለም።» ቡሬ ሆነ።

በማግሥቱ ሱቄን ዘግቼ ለመጣላት ወደ አገር ቤት ሄድኩ። ሌላ ስም የለውም፣ ለመጣላት ነው። መንገዱን ሙሉ የምናገረውን እያዘጋጀሁ ነበር፤ ጭቃው ጫማዬን ሲጎትተኝ ንዴቴ ይጨምራል። ክለቡ ሄደልህ፣ ደስ ይበልህ ልለው። ቃል የሰው እንጂ የጤፍ አይደለም ልለው። አራት ዓመት ሙሉ ያልረገጥኩትን መንገድ ነበር የምረግጠው፤ ይህንን ያን ጊዜ አላሰብኩትም።

ስደርስ ነዶው ተከምሮ በሣርና በላስቲክ ተሸፍኗል። ክምሩ ያምራል። የወንድሜ ሚስት አየችኝና ጉንጬን ይዛ ደጋግማ ሳመችኝ፣ «ምነው ጠፋህሳ! ደመናው ባይመጣ እኮ ሁላችን ለኳሱ ተሰናድተን ነበር» አለች። የልጆቿን የክት ልብስ አሳየችኝ፤ ለሜዳው ብላ አጥባው፣ ታጥፎ እንደተቀመጠ ነው። ያዘጋጀሁት ንግግር ግማሹ እዚያው ጠፋብኝ። «እዬዬም ሲደላ ነው፣ ምን እናድርግ» አለችና ወደ ማሳው ጠቆመችኝ፤ ወንድሜ እዚያ ነው።

ማሳው ታጭዶ ገለባው ብቻ ቀርቷል። ከወንድሜ እግር ሥር ግን፣ በማሳው ግራ ጠርዝ፣ አንድ ጎረድ ያለ ቁራጭ ጤፍ ሳይታጨድ ቆሟል። መቆሙን እንጃ፤ ዝናብ መትቶት ተኝቷል፣ ውኃ አቁሯል፣ ፍሬው መሬት ላይ ረግፏል። ጫፉ ላይ አንድ ማጭድ አፈር ውስጥ ተሰክቷል።

«ይሄስ?» አልኩት፣ ሰላም ሳልለው።

«የአንተ ነው» አለኝ።

አልገባኝም። እሱም ቀስ ብሎ አስረዳኝ። ደቦው ሲሰለፍ ለእያንዳንዱ አጫጅ ቦታ ከፍሎ፣ ይህችን ለእኔ አስቀረ። የሌላው ሰው ድርሻ ሲያልቅ ጎረቤቶቹ «እንጨርሳት፣ ዝናቡ ደረሰ» አሉ። እሱ «ተዉዋት፣ ይመጣል» አለ። ወደ መንገዱ እያየ ቆየ። ዝናቡ ወረደ።

«ስልክ ዘግቼብህ እመጣለሁ ብለህ ጠበቅኸኝ?»

«ልጅ ሆነህም እንዲሁ አልነበርክ?» አለኝ። «ተሳድበህ፣ በር ወርውረህ ትወጣና፣ ትንሽ ቆይተህ ማጭድህን ይዘህ ትመጣለህ። ትመጣለህ ብዬ ነው።»

እንዳያልቅብኝ ያስቀመጥኩትን ንዴት ፈለግሁ፣ አጣሁት። «ስንት ሰው መጣልህ?» አልኩት፤ ሌላ ወሬ ከየት ላምጣ።

«ሰው አይቆጠርም» አለኝ። «የቀረው ግን ይታወቃል።»

በዚያ ተረተር ላይ ስንት ዓመት ስቆጥር የኖርኩት የመጡትን ነው፤ የቀሩትንም በየስማቸው ረግሜያለሁ። እሱ በዚያ ደካማ ዐይኑ፣ በየበዓሉ፣ ሦስት ሰዓት የደርሶ መልስ መንገድ እየተጓዘ ሲመጣልኝ፣ ሜዳው የሚያመጣው መስሎኝ ነበር። ሜዳው ባይኖር ወንድሜን አጣለሁ ብዬ ከተማ አስጨነቅሁ። መንገዱ እንደሆነ ሁልጊዜም እዚያው ነበር፤ አንድ ሰዓት ተኩል።

ጫማዬን አወለቅሁ። ማጭዱን ከአፈሩ ነቀልኩ። የተኛ ጤፍ ማጨድ ሥራ አይደለም፣ ቅጣት ነው፤ በግራ እጅ ከጭቃው ማንሣት፣ በቀኝ መቁረጥ፣ ከተቆረጠውም ግማሹ ገለባ ብቻ ነው። እጄ መርፌ እንጂ ማጭድ ከያዘ ስንት ዘመኑ። ሁለት ጊዜ ጭብጤ አመለጠኝ፣ አንድ ጊዜ ጣቴን ቆረጥኩ። ወንድሜ «ተወው፣ ለከብት ይሆናል» ይለኛል ብዬ ጠበቅሁ። አላለም። ከማሳው ዳር ካለው ተረተር ላይ ወጣ፣ ጋቢውን አነጠፈ፣ ተቀመጠ። ከኪሱ ቆሎ አውጥቶ መቆርጠም ጀመረ።

ትንሽ ቆይቶ፣ ጎረቤት ሁሉ በሚሰማው ድምፁ፣ «ግራውን ያዝ!» አለ። «ግራውን!»